ሁለተኛ ለጠየቀ

ሮቢ ወንዝ ከተራራው ወርዶ የሸዋ ሮቢት ሜዳ ላይ እፎይ በሚልበት አጠገብ አንዲት ጉብታ አለች። ግራር በቅሎባታል፤ ከፍታዋ ከቤት ጣሪያ ብዙም አይበልጥም። በአውቶቡስ የሚያልፍ መንገደኛ ልብ አይላትም። እኔ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ፊቴን ወደ ሌላው መስኮት አዞራለሁ።

የትምህርት ቤታችን ልጆች ለነጻነት በዓል ስለ ጦር ሜዳ እንድነግራቸው ጠየቁኝ። ስለዚህ ነገር ሰው ፊት ላወራ ስቆም ድምፄ ስለሚጠፋ መናገሩ አይሆንልኝም፤ ስለዚህ ጻፍኩት። ፊደል የቆጠርኩት ከነጻነት በኋላ፣ ሠላሳ ዓመት ካለፈኝ ወዲያ ነውና አጻጻፌ ቢንገዳገድ አትፍረዱብኝ። ነገሩ ግን አልተዛባም። ጀግንነት ፈልጎ የሚያነብ ሰው እዚህ ብዙ አያገኝም።

ጣሊያን መንገዱን ይዞ ሸዋ ሮቢት ላይ ከሰፈረ በኋላ ታላቅ ወንድሜ ሰው አሰባስቦ በይፋት ቆላ ዱር ገባ። ሰው ሁሉ ግራዝማች ይለዋል፤ እኔ ጋሼ እለዋለሁ። መቶ የማንሞላ ነበርን። ደገኛው ክርስቲያን፣ ቆለኛው ሙስሊም፣ አርጎባው፣ ኦሮሞው ተቀላቅሎ በአንድ ገበታ ባይበላም በአንድ ምሽግ ያድር ነበር። ሴቶች አራት ነበርን። ሦስቱ ባሎቻቸውን ተከትለው የመጡ ናቸው፤ እኔ ወንድሜን።

ጋሼ የስንቅና የጥይት ኃላፊ አደረገኝ። ጥይታችን ከባንዳ የተማረከ፣ ከነጋዴ በድብቅ የተገዛ፣ ከሞተ ሰው ዝናር የተፈታ ነበር። ምንሽር የሚጎርሰውን ውጅግራ አይጎርስም። በየዓይነቱ በየስልቻው ለይቼ፣ እርጥበት እንዳይነካው በጨርቅ ጠቅልዬ፣ ዝገት የጀመረውን በቅባት አሽቼ አስቀምጣለሁ። ማንበብ አልችልም ነበር። ግን የትኛው ስልቻ ምን እንደያዘ፣ ለማን ምን እንደሰጠሁ አይጠፋኝም።

አንድ ሕግ ነበረኝ። ሰው መጀመሪያ ሲጠይቀኝ አልሰጥም። «ዛሬ አይሆንም» እላለሁ፤ ምክንያቱን አልናገርም። ችግሩ የእውነት የሆነ ሰው ተመልሶ ይመጣል፤ ያን ጊዜ እሰጠዋለሁ። ሚዳቋ ሊመታበት ወይም ሲፎክር ወደ ሰማይ ሊተኩሰው የፈለገ ግን አፍሮ ይቀራል። ይህች ሕግ ብዙ ጥይት አትርፋልናለች። ሌላው ጭፍራ ጥይት አልቆበት ሲበተን እኛ አልተበተንንም። ጋሼ አንድ ቀን በሰው ፊት፣ «ይህን ጦር ያቆመው የእኔ ጎራዴ አይደለም፤ የእህቴ እምቢታ ነው» አለ። ኮራሁ።

ዑመር የሚባል ግመል ነጂ ነበረን። ከአፋር በረሃ ጨው ሲያመላልስ የኖረ፣ ረጅም፣ ፍንጭት፣ ምላሱ የማያርፍ ሰው ነው።

«እትዬ አስካለ፣ አምስት ጥይት።»

«ዛሬ አይሆንም።»

«እሺ፣ ልውጣና ልግባ?» ይልና ግራሩን ዞሮ ይመጣል። «አሰላሙ ዐለይኩም እትዬ። እኔ ሌላ ሰው ነኝ፤ ያ ዑመር የሚባለው ባለጌ ቅድም መጥቶ ነበር አሉ። አምስት ጥይት።»

ሰው በሳቅ ይፈርሳል።

«ነገ ና» እለዋለሁ።

«ወላሂ፣ አንቺ ጥይት ስትሰጪ ልጅ እንደምትድሪ ነው! የአማቹን ሰባት ቤት ሳታጣሪ አትለቂም።»

በማግስቱ ይመጣል። እሰጠዋለሁ። የእሱ ቀልድ ባይኖር እኔን የሚወድ ሰው በዚያ ጦር ውስጥ ይኖር እንደነበር እጠራጠራለሁ። እሱ ሲስቅብኝ ሌላው ቂሙን ይረሳል።

ጋሽ ያሲን ሌላ ዓይነት ሰው ነበሩ። ከጦርነቱ በፊት የውኃ አባት ነበሩ። የውኃ አባት ማለት ከወንዙ የተጠለፈው የመስኖ ውኃ ለየትኛው ማሳ መቼ እንደሚደርስ የሚያደላድል፣ ገበሬው ራሱ የመረጠው ሰው ነው። በቆላ ሰው ስለ ውኃ ይገዳደላል። እሳቸው በያዙት ቦይ ላይ ግን ዱላ አልተነሣም ይባላል። ጋሼ ጠላትን የሚቃኙት የቃፊሮች አለቃ አድርጓቸው ነበር። ሲያዝዙ ሰምቼ አላውቅም። «አንተስ ምን ታየህ?» ይላሉ፤ የመጨረሻው ሰው ተናግሮ እስኪጨርስ አገጫቸውን በከዘራቸው ላይ አስደግፈው ይጠብቃሉ። ያ መዘግየት ያናድደኝ ነበር። ቃፊሮቻቸው ግን ያዩትን ነገር ደብቀው አያውቁም።

ጋሼ በካራቆሬ መንገድ ላይ በተደረገ ተኩስ ጭኑን ተመታ። ቁስሉ አመረቀዘ። ብዙ ሳይቆይ ሞተ።

በእኛ ጦር ልማድ አለቃ ሲሞት ጠመንጃው በጋቢው ላይ ተጋድሞ በሰው መካከል ይቀመጣል። የቤቱ ሰው ካለ መጀመሪያ ለእሱ ይቀርብለታል። እሱ ካላነሣው ጦሩ መክሮ የጎበዝ አለቃ ይመርጣል። የቤቱ ሰው ካነሣው ግን ነገሩ አለቀ፤ ምክር የለም።

ከቤቱ የነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ።

ማንሣት እንደሌለብኝ አውቅ ነበር። ዛሬ ተምሬ፣ መጽሐፍ አገላብጬ የደረስኩበት አይደለም፤ ያኔ እዚያው ተቀምጬ አውቀዋለሁ። የእኔ ሥራ ዘግቶ መያዝ ነው። አለቃ ግን ብዙውን ነገር ይለቃል። ራሱ የማያየውን ለሚያየው ሰው ይተዋል። ይህ ከእኔ ተፈጥሮ አይደለም። ከማን እንደሆነም አውቅ ነበር፤ ቀና ብዬ ጋሽ ያሲንን አየኋቸው። እሳቸው መሬት መሬቱን ያያሉ።

ዝም አልኩ። ዝምታው ሲረዝም አንድ ከደጋ የመጡ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እንግዲህ የግራዝማች ቤት ተዘጋ ማለት ነው» አሉ።

ክፉ አስበው አልነበረም። የእኔ ደም ግን ፈላ። ሌላም ነገር አለ፣ ለማንም ተናግሬው የማላውቅ፦ የወንድሜ ጦር በአንድ የቆላ ቦይ ጠባቂ እጅ ሊወድቅ ነው? የሚል ሐሳብ በልቤ ሽው አለ። ተነሥቼ ጠመንጃውን አነሣሁ። መጀመሪያ መጥተው እጅ የነሱኝ ጋሽ ያሲን ናቸው። «አላህ ያግዝሽ፣ ልጄ» አሉ።

ጦሩን እንደ ጥይት ስልቻ ያዝኩት። ያለ ቃሌ ተኩስ የለም፤ ያለ ቃሌ ቦታ መልቀቅ የለም፤ ያለ ቃሌ እሳት ማንደድ የለም። ሰው ከዳሴ ደጃፍ ተራ ይዞ ይጠይቀኛል፤ እኔም እንደ ልማዴ መጀመሪያ እምቢ እላለሁ። ሥርዓት የመጣ መሰለኝ። ቀድሞ ቃፊር ያየውን ለመናገር እየሮጠ ይመጣ ነበር። አሁን ካልጠየቅሁት አይናገርም። ዝምታውን እንደ አክብሮት ቆጠርኩት።

አንድ ቀን ቀትር ላይ ጋሽ ያሲን ከዳሴ ጥላ ሥር መጥተው ተቀመጡ።

«ልጄ፣ ቦይ ሲሰበር ገበሬው ምን የሚያደርግ ይመስልሻል?» አሉ።

«እርስዎን ይጠራላ።»

«ከጠራኝማ ማሳው ታጥቦ ሄደ። መጀመሪያ ራሱ በአፈር ይደፍነዋል፤ ከዚያ መጥቶ ይነግረኛል። አንዳንዴም አበላሽቶ ይደፍነዋል። አብረን እናስተካክለዋለን።»

ወዴት እንደሚሄዱ ገባኝ። «ጋሽ ያሲን፣ ጥይት ውኃ አይደለም። ከደጋ ሲዘንብ አይመጣልንም» አልኳቸው።

«እሱስ ልክ ነሽ» አሉና ከዘራቸውን ይዘው ተነሡ። መልሴን ወደድኩት። ቀኑን ሙሉ በልቤ ስደግመው ዋልኩ።

ወሩ ኅዳር ነበር። ማሽላው አሽቷል። ልጃገረዶች ከማማ ላይ ሆነው ወፍ ይጠብቃሉ። ከከተማው ወሬ መጣ፦ ስንቅ ያቀበሉንን መንደሮች ጣሊያን ሊያቃጥል ተነሥቷል፤ ጧት ይወጣል። ሕዝቡ ከብቱን ይዞ ቶሎ የመኪናውን መንገድ ተሻግሮ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ በረሃው ቁጥቋጦ መግባት አለበት። እስኪሻገር እኛ ጠላትን እንይዛለን።

ትእዛዙን ሰጠሁ። ዋናው ጦር ከእኔ ጋር ጉብታዋ ላይ፣ ፊቱን ወደ መንገዱ። ጋሽ ያሲን ከጥቂት ሰዎች ጋር ሕዝቡን ያሻግራሉ። ዑመር ከስድስት ሰው ጋር በጉብታዋ ጎን የሚያልፈው የመስኖ ቦይ እጥፋት ላይ ሆኖ ጎናችንን ይጠብቃል። ቦዩ በዚያ ወር ደረቅ ነው፤ የሰው ወገብ ያህል ይጠልቃል፤ በቀጥታ ወደ መሻገሪያው ይወስዳል። ከጉብታዋ ላይ ግን አይታይም። ማሽላው ይጋርደዋል።

ዋዜማውን፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ጥይት አደልኩ። ዑመር ዝናሩን ታጥቆ ሳይሄድ ቀረ።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። ጥይት አይደለም።»

«ጠይቅ።»

«ቦዩን አንቺ አታዪውም። እኛ ብናይና ቃልሽ ቢዘገይስ?»

«አይዘገይም።»

«ልውጣና ልግባ?» አለ። ሰው ሳቀ።

እኔ አልሳቅሁም። «ያለ ቃሌ የተኮሰ ሰው ጠመንጃውን ይነጠቃል» አልኩ። ሳቁ ቆመ። ዑመር እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለና ሄደ።

ጎህ ሲቀድ ቦታችንን ያዝን። ከብቱ መሻገር ጀመረ። ሴቶች ልጅ አዝለው፣ ሽማግሌዎች ፍየል እየጎተቱ ያልፋሉ። አንድ አሮጌ ግመል መንገዱ መካከል ተንበርክኮ እምቢ ብሎ ነበር። ፀሐይ እንደወጣች የካሚዮን ድምፅ ሰማን። ሦስት ነበሩ። ከጉብታችን ፊት ለፊት ቆሙ። የጣሊያን ወታደሮቹ፣ ሶላቶዎቹ፣ ወርደው መትረየስ ጠመዱ። እጄን አወረድኩ። ተኮስን። መትረየሱ መለሰ። ታደሰ የሚባል ጎረምሳ ከጎኔ ተመታ፤ አልጮኸም። የግራር ቅርፊት ራሳችን ላይ ይዘንባል። ያዝናቸው። መንገዱን አልፈው ወደ መሻገሪያው መንቀሳቀስ አልቻሉም።

በዚህ መካከል ከዑመር ጋር የነበረው ንጉሤ በደረቱ እየተሳበ ደረሰ።

«ባንዳ በደረቁ ቦይ ጎንበስ ብሎ እየመጣ ነው። ብዙ ነው። ዑመር ‹እንተኩስ ወይ?› ይላል።»

ዓይኔ መትረየሱ ላይ ነበር። «አይሆንም። ቆዩ» አልኩት።

«እየቀረቡ ነው እኮ፣ እትዬ።»

«ቆዩ አልኩ!»

ተመልሶ ሄደ።

ለምን ብላችሁ ብትጠይቁኝ የምመልሰው አላጣም። ቦታቸው እንዳይታወቅ ነው፤ ወይም ሕዝቡ ተሻግሮ አላለቀም ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ሰዎች ራሳቸው እነዚህን ምክንያቶች አቀብለውኛል። እውነቱ ግን አላሰብኩም። ሰው ጠየቀኝ፤ እምቢ አልኩ። ችግሩ የእውነት ከሆነ ሁለተኛ ይልካል አልኩና ወደ መትረየሱ ዞርኩ።

ጥቂት ቆይቶ ከማሽላው በኩል የእጅ ቦምብ ፈነዳ። ከዚያ ሌላው በላይ በላዩ ተደራረበ። ከዚያ በኩል የእኛን ጠመንጃ ድምፅ ጠበቅሁ። አልመጣም።

ጋሽ ያሲን ግን አልጠበቁም። ቦምቡን እንደሰሙ፣ «ሁላችሁም፣ በየፊናችሁ!» ብለው ጮኹ። ትእዛዛቸው ይኸው ነበር። አንዱ ከብቱን ማሽላው ውስጥ በተነ። አንዱ ሴቶቹን በፈፋው መራ። ሦስቱ ወደ ቦዩ ሮጠው ከዳር ሆነው ተኮሱ። ወደ እኔ ሰው የላከ የለም። ባንዳዎቹ ባዶ መስሏቸው በነበረው በኩል ተኩስ ሲገጥማቸው ወደ ኋላ አሉ። ሕዝቡ ተሻገረ። ረፋዱ ላይ ካሚዮኖቹ ቁስለኛቸውን ጭነው ወደ ከተማው ተመለሱ። ከጉብታዋ ላይ የነበሩት ሰዎች መፎከር ጀመሩ። «ድል ነው» አሉኝ።

ወደ ቦዩ ወረድኩ።

ዑመር በሆዱ ተኝቷል። ጠመንጃው ወደ ቦዩ እንደተደገነ፣ እንደጎረሰ ነው። ሌሎቹም በአጠገቡ እንዲሁ ነበሩ። በሕይወት የተገኘው ሰይድ የሚባለው ብቻ ነው፤ ትከሻው ተቦጭቋል። ውኃ ሰጠሁት።

«ንጉሤ መልሱን ይዞ መጣ» አለኝ። «ዑመር ሳቀ። ‹ሕጉን ታውቃላችሁ፤ ሁለተኛ እንጠይቃታለን› አለ። ሐሰንን ላከው። ሐሰን ገና ቀና ሲል መቱት። ከዚያ ቦምቡ ወረደብን።»

«ለምን አልተኮሳችሁም?» አልኩት።

ዓይኑን አንሥቶ አየኝ። ቁጣ አልነበረበትም።

«አልፈቀድሽማ» አለ።

የሞተ ሰው ዝናር መፍታት ከድሮም የእኔ ሥራ ነበር። ፈታሁ። ዋዜማውን ለእያንዳንዱ የሰጠሁትን አስታውሳለሁ። አንዲት ጥይት አልጎደለችም። በሌላ ቀን ቢሆን ደስ የሚለኝ ነገር ነው።

ዝናሮቹን እንዳቀፍኩ ጋሽ ያሲን ከኋላዬ መጡ። ሙስሊሞቹ ቀኑ ሳይመሽ መቀበር ነበረባቸው። «ልጄ፣ ለከፈን የሚሆን አቡጀዲ አለሽ?» አሉኝ።

አፌ ተከፈተ። «ዛሬ . . .» ካልኩ በኋላ ነው የሰማሁት።

እሳቸውም ሰሙ። ገበሬ ተናግሮ እስኪጨርስ እንደሚጠብቁት፣ አገጫቸውን በከዘራቸው ላይ አድርገው ጠበቁኝ። ሄጄ ጣቃውን እንዳለ አመጣሁ።

ከቀብር በኋላ የጋሼን ጋቢ በሰው መካከል ዘርግቼ ጠመንጃውን አጋደምኩበት። «ጋሽ ያሲን ያንሡት» አልኩ። እሳቸው አልተንቀሳቀሱም። «አንቺ ሰጥተሽኝ አልይዘውም፤ ሁሉም ይናገር» አሉ። እያንዳንዱን ሰው በየተራ ጠየቁ። የቆሰለውን ሰይድንም ጠየቁ። ፀሐይ እስክትጠልቅ ፈጀ። እኔን የወቀሰ አልነበረም፤ አንድም ሰው። ቢወቅሱኝ ይሻለኝ ነበር። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺስ ምን ታየሽ?»

ያን ጥያቄ ለማንም ጠይቄ እንደማላውቅ ያን ጊዜ ታወቀኝ።

«ስልቻዎቹን መልሱልኝ» አልኩ።

መለሱልኝ። ሕጌን ልተወው ወይ ብዬ ጋሽ ያሲንን ጠየቅኋቸው። «ለምን ትተዪዋለሽ? ለስልቻው ደግ ሕግ ነው። ስፍራው እዚያ ነው» አሉ። እስከ ነጻነት ድረስ እሳቸው መሩ፤ እኔ ጥይቱን ያዝኩ። ጥይት አላጣንም። ቃፊሮቹም እንደገና እየሮጡ መምጣት ጀመሩ።

ከነጻነት በኋላ ተማርኩ፤ ዘግይቼም ቢሆን መምህርት ሆንኩ። ሁለት ጊዜ ዳይሬክተር እንድሆን ተጠይቄ የመጻሕፍቱን ክፍል መረጥኩ። እዚያ ቁልፍ የሚይዝ፣ የጠፋውን የሚያስታውስ፣ እምቢ የሚል ሰው ያስፈልጋል። «ትሑት ናት» ይሉኛል። ይህን ስሰማ ፊቴ ይቃጠላል። እኔ ወደ ተፈጠርኩለት ወንበር የተመለስኩት ሌሎች ከፍለውልኝ ነው። የሚያሳፍረኝም ቆጣቢነቴ አይደለም፤ ስፍራዬን እያወቅሁ ጠመንጃውን ማንሣቴ ነው። ከእናንተ መካከል ነገ አለቃ ሁን፣ አለቃ ሁኚ የሚባል አይጠፋም። ጠመንጃው ለቤታችሁ ክብር የተቀመጠ ሲመስላችሁ፣ ጥቂት ዝም በሉ። ዝምታው ቢረዝምም ቻሉት።

ከቦዩ እጥፋት የሞቱት ዑመር፣ ሐሰን፣ ንጉሤ፣ አሊ፣ እንድሪስና ወልዴ ናቸው። ከጉብታዋ ላይ ታደሰ። ሰባት። ሙስሊሞቹ ከግራሩ ሥር፣ ክርስቲያኖቹ ከእነሱ ትንሽ ከፍ ብሎ ተቀብረዋል።

ከዝናራቸው የፈታሁትን ጥይት በሚቀጥለው ዘመቻ መልሼ አደልኩት። ሰዎቹ በዝምታ ተራ ይዘው ተቀበሉኝ፤ እጅ እየነሱ ሄዱ። ከዚያ ቀን ወዲህ ከእጄ ጥይት ሲቀበል የቀለደብኝ ሰው የለም።